የባሕር ካርታ ላይ ምኑ ይታይ፣ ምኑ ይደበቅ? (ከካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የመጣ ጥያቄ)

ካርታ_ቫንኩቨር · ሰኞ ማታ

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን የሚያብሰለስለኝን ላውጣው። ቫንኩቨር ውስጥ በጂአይኤስ (ካርታን በኮምፒውተር መሥራት) ሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ ከሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ጋር የባሕር ካርታ በመሥራት ነው። እዚህ ፈርስት ኔሽንስ ይባላሉ፤ ሃይዳ፣ ሃይልትሱክ፣ ኪታሱ ሃይሄስ፣ ሌሎችም ብዙ አሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የመርከበኞች ካርታ እንዘረጋለን፤ በላዩ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ እንለጥፋለን። ሽማግሌዎቹና ዓሣ አጥማጆቹ በባለ ቀለም እስክሪብቶ የሚያውቁትን ያሰምሩበታል፤ እኔ ማታ ማታ ያንን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። አንድ ቀን ተራው የአባሎኒ ሆነ። አባሎኒ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ዛጎል እንስሳ ነው፤ ሥጋው በጣም ውድ ነው። ቁጥሩ ስላሽቆለቆለ ከ1990 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ማንም እንዳይለቅም ተከልክሏል፤ ለራሳቸው ምግብ ይለቅሙት የነበሩት ነባር ሕዝቦችም ጭምር። ሌባው ግን አልተወውም። እና አንዲት ጠና ያሉ እናት እስክሪብቶውን አንስተው ወሽመጡን በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ክብ ሳሉና "እዚህ ውስጥ ነው" አሉኝ። እኔ የተማርኩት ነጥብ መንጠብ ነው፤ ትንሽ ጠበብ እናድርገው ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥመው ሻያቸውን አነሱ።

ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ፣ በራሴ ጥፋት ነው። ለአንድ ስብሰባ ካርታ በፒዲኤፍ አዘጋጅቼ ላክሁ። መታየት የሌለባቸውን ሌየሮች (ካርታው ላይ የሚደራረቡትን የመረጃ ንብርብሮች) አጥፍቻለሁ፤ ስክሪኑ ላይ የሉም። በማግስቱ የማኅበረሰቡ የባሕር ጥበቃ አስተባባሪ ደወለልኝ። አልተቆጣም። "ፋይሉን ክፈቺና በግራ በኩል ያለውን ዝርዝር እዪው" ብቻ አለኝ። ከፈትኩት። ሌየሮቹ በሙሉ ተደርድረዋል። አንዱን ነካ ሳደርገው፣ ሌላ ወርክሾፕ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ አምነው የነገሩን ነጥብ ሁሉ ቦግ አለ። ደግነቱ ፋይሉ ከእሱ እጅ አልወጣም ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ከሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ካርታ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ምኑን አሳያችሁ፣ ምኑን ደበቃችሁ? የወሰነውስ ማን ነበር?

---

ደጀን_ጂአይኤስ · ሰኞ ማታ

እህቴ፣ የፒዲኤፉ ነገር እኔንም አንድ ቀን ላብ በላብ አድርጎኛል። ኤክስፖርት ስታደርጊ ሌየሮቹን እንዳይዝ ማድረግ ይቻላል፤ ካላመንሽው በተራ ምስል አውጪው፣ ምስል ውስጥ የሚደበቅ ሌየር የለም።

ለእኔ ግን ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ነጥቡን አምስት በአምስት ኪሎ ሜትር ሳጥን አድርጎ ማሳየት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ እንደ ደረጃው ፈቃድ መስጠት ይቻላል። የተፈታ ችግር ነው። ለመሆኑ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ምንድነው?

---

ካርታ_ቫንኩቨር · ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

ለሕዝብ የሚታየው ሲስኬች በሚባለው ላይ ነው የተሠራው። ሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው። ከእሱ በፊት ማሪንማፕ የሚባል ነበራቸው፤ ካሊፎርኒያ የተጠበቁ የባሕር ክልሎቿን ስትወስን ዓሣ አጥማጁም ተፈጥሮ ተከራካሪውም በዚያ ላይ ክልል እየሳሉ ነው የተሟገቱት።

ጥሩነቱ ምንድነው፣ ጂአይኤስ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ብራውዘር ከፍቶ ክልል ይስላል፤ ወዲያው ሪፖርት ይወጣለታል። በሳለው ክልል ውስጥ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠረፍ ይህን ያህል ነው፣ የመስታወት ስፖንጅ (አጽሙ መስታወት መሰል የሆነ የባሕር እንስሳ) የሠራው ሪፍ ይህን ያህል ነው ይለዋል። ሰው መስመሩን ትንሽ ገፋ ሲያደርግና ቁጥሩ ሲለወጥ ማየት፣ እመኑኝ፣ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል። (ስለ ስፖንጁ ካነሳሁ አይቀር፦ በሄኬት ሰርጥ ሥር ያሉት ሪፎች የተገኙት በ1987 ነው። ዕድሜያቸው 9,000 ዓመት ገደማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ሪፍ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ነበር የሚታሰበው።)

ይህ ሁሉ የሚሠራለት ዕቅድ ራሱ በምህጻረ ቃሉ "ማፕ" ይባላል፣ በእንግሊዝኛ "ካርታ" እንደማለት፤ ቀልድ አይደለም። 17 ሕዝቦችና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት አብረው ያወጡት የባሕር ዕቅድ ነው፤ በ2015 ተጠናቀቀ። 102,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በአራት ንዑስ ክልል የተከፈለ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ፈራሚ አልነበረም። ዓሣና የመርከብ መስመር ደግሞ በእሱ እጅ ነው ያለው፤ ስለዚህ ዕቅዱ አንድ እግሩ አጠር ያለ ወንበር ነበር።

የሽማግሌዎቹ እውቀት ግን የሕዝቡ ካርታ ላይ አይወጣም። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ቃለ መጠይቁም ፕላስቲኩም የማኅበረሰቡ ቢሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ወደ ድርድር ይዘው የሚመጡት ክልሉን ነው፤ ክልሉ የወጣበትን ነጥብ አይደለም።

"የተፈታ ችግር ነው" ያልከው ላይ አልስማማም ደጀን። እንደ ደረጃው ፈቃድ የሚሰጠው አድሚን ማነው? ያ አድሚን እኔ ነበርኩ።

---

ምን_አገባኝ · ማክሰኞ ጠዋት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልገባኝም። አንደኛ፣ ካርታ መርከብ አያቆምም። ዓሣውም ካርታ አያነብም። መንግሥት ያሰበውን ያደርጋል፤ ሕዝቡን በባለ ቀለም እስክሪብቶ ማጫወት ደግሞ የቆየ ዘዴ ነው። ሁለተኛ፣ የተደበቀ መረጃ ማን ያረጋግጠዋል? እኔም ነገ ተነስቼ "እዚህ ጋ አያቴ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ የት እንደሆነ ግን አልነግርህም" ብል ማን ይሰማኛል?

---

ሩፐርት_ዓሣ · ማክሰኞ ጠዋት

ምን አገባኝ፣ ፕሪንስ ሩፐርት የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ አራት የሳልመን ወቅት ስለሠራሁ ትንሽ አገባኝ 😄

የመርከቡን ልንገርህ። ጥቅምት 2014 ላይ ሲሙሺር የሚባል የሩሲያ የጭነት መርከብ ከሃይዳ ግዋይ (ከሃይዳዎች ደሴቶች) በስተ ምዕራብ ሞተሩ ጠፍቶበት ወደ ድንጋዩ ይነዳ ጀመር። ነፋሱ ዞር ባይል ኖሮ፣ የጠረፍ ጠባቂው መርከብም ባይደርስ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ነዳጅ ባሕር ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ፣ ጥቅምት 2016፣ ኔተን ስቱዋርት የሚባል ጎታች መርከብ ቤላ ቤላ አጠገብ ሪፍ ላይ ወጣ። 110,000 ሊትር ገደማ ናፍጣ ሃይልትሱኮች ክላም (አሸዋ ውስጥ የሚኖር ባለ ዛጎል እንስሳ) ከሚለቅሙበት ቦታ ላይ ፈሰሰ። ይኼኛውን የሚያቆም ነፋስ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ሃይዳዎች ከፌዴራሉ መንግሥትና ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር ተነጋግረው፣ ከመስከረም 2020 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች ከምዕራቡ ጠረፍ 50 የባሕር ማይል ርቀው እንዲያልፉ መስመር ተሰመረ። ግዴታ አይደለም፣ በፈቃድ ነው። ግን መርከቡ ኤአይኤስ የሚባል፣ ያለበትን ቦታ የሚናገር ምልክት እየላከ ነው የሚሄደው፤ መስመሩን ከጣሰ ካርታው ላይ ይታያል። የሚያይህ ሰው እንዳለ ማወቅ ደግሞ ጠባይ ያሳምራል። ድሮ መርከብ ማለፉን የምታውቀው ሲያልፍ ካየኸው ነው።

ሸርጣኑንም ልጨምርልህ። መካከለኛው ጠረፍ ላይ ያሉት አራቱ ሕዝቦች ሸርጣን እያነሰባቸው ሲሄድ በራሳቸው ሕግ አንዳንድ ወሽመጦችን ዘጉ። የመንግሥትን ፈቃድ አልጠበቁም። ከዚያ ወጥመድ እየጣሉ የተዘጋውንም ያልተዘጋውንም ቆጠሩ። በተዘጋው ውስጥ ትልልቁ ሸርጣን በረከተ፣ በክፍቱ ግን ቀነሰ። በ2016 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። "ማን ያረጋግጠዋል" ላልከው መልሱ ይሄ ነው፤ ራሳቸው።

---

የጣና_ዳር · ማክሰኞ ከሰዓት

ካርታ ቫንኩቨር፣ ያንቺ አባሎኒ የኛ ባርበስ የሚባለው ዓሣ ነው። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ከዓሣ አጥማጆች ጋር እሠራለሁ። ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ አይደለም የምለው፤ ባርበሱ ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣል፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። ሲወጣ ተሰብስቦ አፉ ላይ ይቆማል፣ መረብ ያለው ሰውም እዚያው አፉ ላይ ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ወንዙን ጨምሮ ማንም ያውቀዋል። የትኛው አሸዋ ላይ፣ በየትኛው ሳምንት የሚለውን ግን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ክረምት ጂፒኤስ ይዤ ታንኳ ላይ ወጣሁ። ቀዛፊው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሁለት ነጥብ ካስያዘኝ በኋላ መቅዘፉን አቆመና "ይሄ ነገር ማታ የት ነው የሚያድረው?" አለኝ። ኢንተርኔት ላይ አልኩት። "እንግዲያው እንመለስ" አለኝ። ተመለስን።

---

አሮጌ_ቀያሽ · ማክሰኞ ማታ

ልጆች፣ በቅየሳ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ስታወሩ የናቴ አገር ትዝ አለኝ። ደቡብ ነው። ቀላድ ጣይ ሲመጣ ሰው የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን ገመዱን ነበር ይሉ ነበር። ገመዱ የነካው መሬት ለሹምና ለወታደር ተከፈለ፤ አርሶ የሚበላው በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

እኔ ልጅ ሳለሁ የመለኪያ ሰንሰለት ይዤ አያቴን "ወንዙ ምን ያህል ይርቃል?" ስላቸው "ቅርብ ነው፣ ይደረሳል" ይሉኝ ነበር። ርቀት የማያውቁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱበት ወንዝ ነው። ሴትዮዋ ትልቁን ክብ የሳሉት አያቴ "ይደረሳል" እንዳሉት ነው።

---

ካርታ_ቫንኩቨር · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። "ይደረሳል" የሚለውን ለዚያ አስተባባሪ ልነግረው ነው፤ በጣም ይስቃል።

የካናዳው ታሪክ ደግሞ ገመዱን ራሳቸው መያዛቸው ላይ ነው የሚለየው። የሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ኢኑዊቶች በ1970ዎቹ ውስጥ አዳኞቻቸውን ቁጭ አድርገው፣ በሕይወት ዘመናችሁ የሄዳችሁበትን፣ ያደናችሁበትን፣ ያደራችሁበትን ካርታ ላይ አስምሩ አሏቸው። የአንድ ሰው ሕይወት በመስመር ማለት ነው። በ1976 ታተመ፤ የመሬት ጥያቄያቸው በዚያ ላይ ቆሞ በ1999 ኑናቩት የምትባለው የካናዳ ግዛት ተፈጠረች። ካርታውን ቀያሹ ሳይሆን የሄደው ሰው ሲሠራው ማስረጃ ይሆናል።

እና ለ"ምን አገባኝ" ስለ ማረጋገጥ አንድ ታሪክ ላክልበት። በ1995 ጆን ሃርፐር የሚባል የጠረፍ ጥናት ባለሙያ ሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ የብሮተን ደሴቶችን ጠረፍ ሲቀርጽ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ፣ ከሥሩ ግማሽ ክብ የሆኑ የድንጋይ ካቦች አየ። አንድ ሁለት አይደሉም። ተፈጥሮ እንዳልሠራቸው ገባው፣ ግን ማን እንደሠራቸው ሊያውቅ አልቻለም። መልሱ የመጣው ከባለቤቶቹ ነው፤ አዳም ዲክ የሚባሉት የጎሳ አለቃ ስሙን ጭምር ያውቁት ነበር፣ "ሎኪዌይ"። የክላም አትክልት ቦታ ነው፤ ድንጋዩን ደርድረህ አሸዋውን ታስተካክላለህ፣ ክላሙ ይራባል። በኋላ ሲለካ አንዳንዱ 3,500 ዓመት አለፈው። ሄሊኮፕተሩ ያየው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ምን እንደሚሠራ ካርታው ላይ አልነበረም።

---

ምን_አገባኝ · ረቡዕ ጠዋት

ይሁን፣ ሸርጣኑን ተቀብያለሁ። ካቡንም። ግን ጥያቄዬን አልመለሳችሁም። ድርድር ላይ "ክልሉን እንሰጣለን፣ ነጥቡን አንሰጥም" ሲሉ መንግሥት ለምን እሺ ይላል? የኛ አገር ባለሥልጣን ቢሆን "ፋይሉን አምጣ" ነው የሚለው።

---

ካርታ_ቫንኩቨር · ረቡዕ ማታ

የነሱም ባለሥልጣን እንደዚያው ነበር የሚለው፤ ብዙ ጊዜ አሁንም ይላል። እሺ የሚለው ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነው። ሃይዳዎች በ1980ዎቹ እንጨት ጫኝ መኪና መንገድ ላይ ቆመው ታስረዋል፤ ግዋይ ሃናስ የሚባለው የደሴቶቻቸው ጥብቅ ስፍራ ዛሬ ግማሹ የሃይዳ ግማሹ የካናዳ በሆነ ቦርድ የሚተዳደረው ከዚያ በኋላ ነው። የባሕሩና የየብሱ የጋራ ዕቅድ በ2018 ወጣ። ጠባቂዎቻቸውን ግን ማንንም ሳይጠይቁ ከ1981 ጀምሮ ደሴቶቹ ላይ አስቀምጠዋል። ማማሊሊኩላ የሚባሉት ሌሎች የጠረፉ ነባር ሕዝቦችም እንዲሁ፦ በ2021 ወሽመጣቸውን በራሳቸው ሕግ የተጠበቀ ነው ብለው አወጁ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ቦታውን የባሕር መጠለያ ብሎ ያጸናው በ2024 ነው። ካርታው ቀድሞ ነበር፤ ኃይሉ ነው የዘገየው።

እዚህ "ኦካፕ" የሚባል መርህ አለ፤ ከ1998 ጀምሮ ፈርስት ኔሽንሶች የሚሠሩበት። ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነት፣ ይዞታ። ሦስቱን ማንም ወረቀት ላይ ይፈርምልሃል። ይዞታ ግን ሰርቨሩ በማን ክፍል ውስጥ ነው፣ ቁልፉ በማን ኪስ ነው ማለት ነው። የጣናው ቀዛፊ "ማታ የት ነው የሚያድረው" ያለው ይሄንኑ ነው። እኔ ለመማር ስንት ዓመት የፈጀብኝን ሰውየው በሁለት ነጥብ ጨረሰው።

---

ደጀን_ጂአይኤስ · ረቡዕ ማታ

አድሚን ነበርኩ ያልሽው ቃል ሁለት ቀን ሲከተለኝ ዋለ። የተፈታ ነው ያልኩትን አንስቻለሁ።

የጣና ዳር፣ ኢንተርኔት ላይ የማያድር ነገር ከፈለግህ ኮማፔዮ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ እየው፤ ድሮ ማፔዮ ነበር ስሙ። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ስልክ ለስልክ ይቀባበላል እንጂ መሀል ላይ ሰርቨር የግድ አይልም። ኢኳዶር ውስጥ ዋኦራኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ደናቸውን የቀረጹት በማፔዮ ነበር፤ በ2019 ነዳጅ እንዳይወጣበት በፍርድ ቤት አሸንፈዋል። ስልክም የማይፈልግ ከሆነ የባሌው ዓይነት አለ፦ መልካ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት እንዳደረገው ካርቶን በካርቶን ላይ ደርቦ ተራራውን ማቆም፣ ከዚያ የአገሬው ሰው በቀለም፣ በክርና በስፒል ይሞላዋል። ሞዴሉ መንደሩ ውስጥ ይቀራል። ማንም ዳውንሎድ አያደርገውም።

---

የጣና_ዳር · ዓርብ ከሰዓት

ኮማፔዮን ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ቀዛፊው ገና ነው፣ "የመስቀል ሰሞን እናየዋለን" ብሎኛል። እስከዚያ ያለኝን ባዶ መነሻ ካርታ አዘጋጅቻለሁ፦ ሐይቁ፣ ወንዞቹ፣ መንደሮቹ። ነጥቦቹን ሌየር አላጠፋሁም፣ ሙሉ በሙሉ አስወግጄዋለሁ። አስተያየት እንድትሰጡኝ የኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራሙን) ፕሮጀክት ፋይል ከታች አያይዣለሁ።

---

ምን_አገባኝ · ዓርብ ማታ

ወንድሜ፣ ለማሽሟጠጥ አይደለም፣ ቶሎ አንብበው። ፋይልህን አውርጄ ከፈትኩት። እውነትህን ነው፣ ነጥብ የለም። ግን ሐይቁ በሙሉ አልተከፈተልኝም። ተጠግቶ፣ በጣም ተጠግቶ፣ አንድ የወንዝ አፍ ላይ ነው የተከፈተው። ፕሮጀክቱ መጨረሻ ላይ ያየኸውን ቦታ ያስታውሳል። ቡክማርክ የሚለውንም ብትከፍት ሁለት አለ፤ ስም ሰጥተሃቸዋል። የትኛው ወንዝ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

---

የጣና_ዳር · ዓርብ ማታ፣ ከ6 ደቂቃ በኋላ

ፋይሉን ከገጹ ላይ አንስቼዋለሁ። ስንት ሰው ነው ያወረደው?

---

ካርታ_ቫንኩቨር · ዓርብ ማታ

ቁጥሩ ከሥሩ ይታያል፤ 2 ይላል። አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ገና ሳልከፍተው ሰረዝኩት።